ዝም ካለው ጦማር የመጣ ጽሑፍ

ዛሬ ማለዳ ቡናዬ እስኪፈላ ስልኬን ስከፍት፣ ከሦስት ዓመት በላይ አንዲት ቃል ያልወጣው ጦማር በስሙ አጠገብ «1» የሚል ቁጥር ይዞ ጠበቀኝ። ባለቤቱ የአዲስ አበባን የድሮ ሰፈሮች አመጣጥ የሚጽፍ፣ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። እኔ ረስቼው ነበር፤ የአርኤስኤስ ማንበቢያዬ፣ ማለትም የምከታተላቸውን ጦማሮች አዲስ ጽሑፍ የሚሰበስብልኝ መተግበሪያ፣ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ እየተመላለሰ አዲስ ነገር እንዳለ ሲጠይቅና «የተለወጠ የለም» የሚል መልስ ይዞ ሲመለስ ኖሯል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጦማሩ ከገጾቹ ጎን ኮምፒውተር በሚያነበው ኤክስኤምኤል በሚባል ቅርጽ የተጻፈች፣ «ፊድ» የምትባል አንዲት ፋይል ያኖራል፤ በውስጧም የቅርብ ጽሑፎቹ ርእስ፣ ቀንና አድራሻ፣ ባለቤቱ ከፈቀደም ሙሉው ጽሑፍ ይገኛል። ማንበቢያው ያቺን ፋይል እየጎበኘ ያላየሁትን ለይቶ ያመጣልኛል። የድር ማሰሻ ሠሪው ኔትስኬፕ የአርኤስኤስን የመጀመሪያ ቅርጽ ያወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፖድካስት የሚያደምጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው ዛሬም በዚሁ መንገድ ይገለገላል። «ፊድ» ለሚለው ቃል ግን የሚጥም አማርኛ አላገኘሁም፤ አንድ ጊዜ ለጓደኛዬ «መጋቢ አለኝ» ብለው የቤተ ክርስቲያን ሹመት መስሎት የየትኛው ደብር እንደሆኑ ጠየቀኝ።

እጠቀምበት የነበረው የጎግል ማንበቢያ፣ ጎግል ሪደር፣ በጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ የምከታተላቸውን ጦማሮች ዝርዝር ሌላ ማንበቢያ ሊያነበው በሚችል ኦፒኤምኤል በሚባል ፋይል አውጥቼ አስቀመጥኩና፣ ሌላ ማንበቢያ ከመፈለግ ይልቅ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚመጣልኝን እያነበብኩ ዓመታት አሳለፍኩ። እዚያ ብዙ የሚጮኸው ከፊት ይሰለፋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጽፍ ሰው ጭራሽ አይታይም። ያቺን ፋይል ከአሮጌ ፍላሽ ላይ አግኝቼ አዲስ ማንበቢያ ላይ ስጭናት ግማሾቹ አድራሻዎች ሞተው ነበር፤ የቀሩት ግን በየቀናቸው ተሰልፈው መጡልኝ።

ስስት ደግሞ አላጣኝም። በቀን ሃምሳ ዜና የሚያወጡ ድረ ገጾችን ጨምሬ፣ ያልተነበበው ቁጥር ከሺህ ሲያልፍ እንደ ዕዳ ያስጨንቀኝ ጀመር፤ ይባስ ብሎም እነዚያን አልፎ አልፎ የሚጽፉትን ቀበረብኝ። አንድ እሑድ ተቀምጬ የዜናዎቹን ሁሉ ሰረዝኩ። አሁን የቀሩኝ ሰላሳ አራት ናቸው፤ አብዛኞቹም ዝምተኞች ናቸው፤ ዝም ያለ ጦማር በዝርዝሬ ውስጥ መቆየቱ ግን ቦታም ጊዜም አይወስድብኝም።

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሠራተኛ ሰፈር፣ በምኒልክ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች ስለሰፈሩበት መንደር ነበር። ስለ ረጅሙ ዝምታው አንድም ቃል ሳይናገር፣ ትናንት እንዳቆመ ሰው ቀጥሎ ጽፏል። በማንበቢያ የሚከታተሉት እነማን እንደሆኑ ጸሐፊው የሚያይበት መንገድ ስለሌለው፣ እንደጠበቅሁት ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ቡናዬን ቀድቼ ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፍኩለት።