ቄሱ አንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት፦ የእንግሊዝ ገጠር ሰበካ በማን እጅ ይኖራል?

በእንግሊዝ ገጠር እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን በር ተዘግቶ ያገኘ ሰው «እዚህስ ሃይማኖት አልቋል» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ብዙ ጊዜ ግን የዚያ ቀን ተራ የጎረቤት መንደር ሆኖ ነው። በገጠሩ አንድ ቄስ ስድስትም ስምንትም ቤተ ክርስቲያን ይዞ መዞሩ የተለመደ ነው። በአንዱ በፈረንጅ ሰዓት 9፡30፣ በሌላው 11፡00 ላይ ያገለግላል፤ ሦስተኛው መንደር በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሰዋል። ወሩ አምስት እሑድ ካለው በአምስተኛው ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ከመሄድ በፊት መግቢያው ላይ የተለጠፈውን የተራ ወረቀት፣ ወይም «ኤ ቸርች ኒር ዩ» የተባለውን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ማየት ይሻላል።

ታዲያ ቄሱ ሌላ መንደር ሲሆን ቤቱን የሚጠብቀው ማን ነው? ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቸርችዋርደን ይባላሉ። ከእኛ ቃል የሚቀርባቸው ገበዝ ነው። ልዩነቱ፣ እነዚህ ክህነት የሌላቸው ምእመናን ናቸው፤ ገበሬ ሊሆን ይችላል፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ልትሆን ትችላለች። ደመወዝ የላቸውም። ጽዋው፣ መቅረዙ፣ መጽሐፉ፣ የሚንቀሳቀሰው ንብረት ሁሉ በሕግ በእነሱ ስም የተያዘ ነው፤ ያለ ፈቃድ ግን አንዲት ሳህን መሸጥ አይችሉም። የሚመረጡት በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ በሚደረግ የሰበካው ነዋሪዎች ስብሰባ ነው። በዚህ ስብሰባ ድምፅ ለመስጠት አማኝ መሆን ግዴታ አይደለም። በሰበካው ክልል ውስጥ የሚኖርና በአካባቢ ምርጫ መዝገብ የሰፈረ ማንኛውም ጎረቤት እጁን ማውጣት ይችላል። ተመራጩ ግን የተጠመቀና ቆራቢ መሆን አለበት። ስብሰባው ሌላ ካልወሰነ አንድ ሰው በተከታታይ ከ6 ዓመት በላይ አያገለግልም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚተካው ሰው አለመገኘቱ ነው።

አዲስ መጤን ሁልጊዜ የሚያምታታ አንድ ነገር አለ። በአንድ መንደር ውስጥ «የፓሪሽ (የሰበካ) ምክር ቤት» የሚመስሉ ሁለት አካላት አሉ። ፒሲሲ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ ነው። ፓሪሽ ካውንስል የሚባለው ግን በ1894 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ የመንገድ ዳር ወንበርና የልጆች መጫወቻን የመሳሰለውን የሚመለከት የመንግሥት ዝቅተኛው እርከን ነው። ስለ ጣሪያ መፍሰስ ለፓሪሽ ካውንስል የጻፈ ሰው ደብዳቤው በትሕትና ይመለስለታል።

ወደ ጣሪያው ከመጣን፣ የገጠር ቤተ ክርስቲያንን ከምእመን ማነስ በፊት የሚያፈርሰው ውኃ ነው። ብዙዎቹ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃዎች ናቸው። የእርሳስ ጣሪያቸው ውኃውን ከግንቡ ጫፍ ጀርባ ወደተደበቀ አሸንዳ ያወርደዋል፤ ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ በብረት ቱቦ መሬት ይደርሳል። ያችን ቀዳዳ ለመድፈን እፍኝ የማይሞላ ቅጠል ይበቃል። በግንቡ አናት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ትንንሽ ቁራዎች ደግሞ ጭራሮ በጭራሮ ያደርጉታል። ቀዳዳው ሲዘጋ ውኃው ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ግድግዳው ይጠጣዋል፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የኦክ ወራጅ ጫፍ ይረጥባል፤ እርጥብ ኦክ የሚበላው ጥንዚዛም እዚያው ይራባል። ወራጁ ከታች ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። የበሰበሰው ዓይን የማይደርስበት ጫፉ ነው።

አሸንዳ ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ይጠረጋል፤ አንዱ ቅጠል ረግፎ ካለቀ በኋላ፣ ሌላው በጸደይ። ከመጥረጉ የማይተናነሰው ግን ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላና ባትሪ ይዞ ሕንፃውን መዞር ነው። በደረቅ ቀን ምንም የማይታይበት ቱቦ በዝናብ ቀን ራሱን ያጋልጣል። ከቱቦው ጀርባ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሰረዝ ካለ ቱቦው ከኋላ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የብረት ቱቦ የሚዝገው ከጀርባው ነው፤ ቀለም ቀቢው ብሩሽ የማይደርስበትን አይቀባማ። ትንሽ መስታወት ከኋላው አስገብቶ ማየት ይበቃል። መሰላል ላይ ብቻን መውጣት አይገባም፤ ከፍ ላለው ሥራ ባለሙያ መጥራት ከአጥንት ሐኪም ይረክሳል።

ሁለት የተለመዱ ስህተቶች በደግነት ይሠራሉ። አንደኛው በኖራ የተገነባውን ግድግዳ በሲሚንቶ መድፈን ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ ውርጭ ሲመጣም የሚፈነዳው ሲሚንቶው ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ሁለተኛው የሚንቀሳቀስ የጋዝ ማሞቂያ ነው። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳና በኦርጋኑ ላይ ይቀመጣል። ሰው እግሩ ሞቀ ብሎ ሲደሰት ቀለሙ ይላጣል። ከወንበር ሥር የሚገጠም ኤሌክትሪክ ማሞቂያ አየሩን ሁሉ ለማሞቅ ሳይደክም ሰውየውን ያሞቀዋል።

በየአምስት ዓመቱ አርኪቴክት ወይም የሕንፃ ባለሙያ መጥቶ መላውን ቤት ይመረምራል፤ ከ1955 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው። ሪፖርቱ ሥራውን በአጣዳፊነት ይከፍለዋል። ብልህ ፒሲሲ ያን ሪፖርት ለቀጣዩ ዓመት በጀት መነሻ ያደርገዋል፤ ሰነፉ መሳቢያ ውስጥ ከቶ በአምስተኛው ዓመት ያንኑ ዝርዝር በድርብ ዋጋ ያገኘዋል።

ማደስ ደግሞ እንደ ልብ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ፋኩልቲ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም ቻንስለር የሚባለው የሀገረ ስብከቱ ዳኛ ነው። ሥራው በሦስት ይመደባል። ዝርዝር ሀ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ጥቃቅን ጥገና ነው። ዝርዝር ለ በአርክዲያቆኑ፣ ማለትም ከጳጳሱ በታች ባለው ከፍተኛ ካህን፣ የጽሑፍ ፈቃድ ይሠራል። የቀረው ሁሉ ፋኩልቲ ይጠይቃል፣ ማስታወቂያውም ለ28 ቀን ተለጥፎ ተቃዋሚ ይጠበቃል። ቀለል ያለ ወጥ ቤት ለመግጠም ወይም የቪክቶሪያ ዘመን አግዳሚ ለማንሳት ያሰበ ሰበካ፣ ገንዘብ ከመሰብሰቡም በፊት የሀገረ ስብከቱን አማካሪ ኮሚቴ ማነጋገር አለበት። አናጺውን መጀመሪያ የጠራ፣ ሥራውን አፍርሶ ሊመልስ ይችላል። ጣሪያው ላይ የሌሊት ወፍ ካለ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጨመራል። ሁሉም ዓይነት የሌሊት ወፍ በ1981 ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማባረርም ማደሪያውን መድፈንም ወንጀል ነው። ሽንቱ ናስን ይበላል፣ ድንጋይን ያበላሻል፤ ስለዚህ መንበሩን ጨርቅ አልብሶ ማሳደርና እሑድ በማለዳ መጥረግ የጽዳት ተረኞች ዕጣ ነው።

ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው? መንግሥት የቄሱን ደመወዝ አይከፍልም፤ የሕንፃው ጥገናም የፒሲሲው ዕዳ ነው። ይህን መንደሩ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ «የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን» መባሉ ያሳስተዋል። ከጥገናው በላይ ለሀገረ ስብከቱ የሚላክ ዓመታዊ ድርሻ አለ። ሳይነካ የሚቀረው ቀላል ገንዘብ ከግብር የሚመለሰው ነው። ግብር ከፋይ የሆነ ሰው የጊፍት ኤይድ ቅጽ ከሞላ ለሰጠው እያንዳንዱ ፓውንድ 25 ሳንቲም ይጨመራል። ስም ለሌለው የሙዳይ ገንዘብም ከ30 ፓውንድ ያልበለጠ ስጦታ እስከሆነ ድረስ በዓመት እስከ 8,000 ፓውንድ ድረስ ያው 25 በመቶ ይጠየቃል፤ ሙሉ 2,000 ፓውንድ ማለት ነው። ሙዳዩን ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ባንክ የገባበት ደረሰኝ ይያያዛል። ሁለቱ ባልና ሚስት ባይሆኑ ይመረጣል።

በጁላይ ባዛር ላይ ወይን ለመሸጥ ከ10 የሥራ ቀን በፊት ለአካባቢው አስተዳደር ማስታወቂያ ይገባል፤ ክፍያው 21 ፓውንድ ነው፣ የሰው ብዛትም ከ499 አይበልጥም። ቶምቦላው በዕለቱ በቦታው ብቻ ከተሸጠ ፈቃድ አይጠይቅም። ትኬቱን አስቀድሞ በመንደሩ ሱቅ ማዞር ግን ምዝገባ የሚጠይቅ ሎተሪ ያደርገዋል። ይህ በየዓመቱ የሚረሳ ነው።

ከዓመቱ አገልግሎት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ሰው እንኳ የሚመጣበት ክሪስቲንግል ነው፤ ከገና በፊት ካለው ጾም እስከ ፌብሩዋሪ 2 ባለው ጊዜ ይደረጋል። ልማዱ ሞራቪያውያን ከሚባሉት ፕሮቴስታንቶች የመጣ ነው፤ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የገባው በ1968 ነው። እያንዳንዱ ልጅ ብርቱካን ይይዛል። ብርቱካኑ ዓለም ነው፣ በወገቡ የሚዞረው ቀይ ጥብጣብ የክርስቶስ ደም፣ አናቱ ላይ የተተከለው ሻማ ብርሃኑ፣ በአራት የጥርስ እንጨት የተሰኩት ዘቢብና ከረሜላዎች የምድር ፍሬ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አናቱን በቢላ መስቀል አድርጎ መሰንጠቅ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ወረቀት በሻማው ግርጌ ጠቅልሎ ወደ ስንጥቁ መጫን፣ ጥብጣቡን ማዞር፣ እንጨቶቹን መውጋት። ወረቀቱ ሰሙን ይቀበላል፤ ካልተደረገ የሚቀበለው የልጁ እጅ ነው። ቀዳዳውን በጣም ያሰፋ ሻማው ይንገዳገድበታል፤ የጠበበው ደግሞ ጭማቂውን ይረጫል። ትንሽ ብርቱካን ለትንሽ እጅ ይመረጣል። አንድ ቀን ቀድሞ ከረሜላ የሰካ በማግስቱ የሚያጣብቅ ሳህን ያገኛል፤ ፍሬው ጠዋት ይሰካ። መብራት ሲጠፋና ሻማው ሲበራ አደጋው እሳት ሳይሆን ፀጉር ነው። ረጅም ፀጉር ይታሰራል፣ ልጆች ክብ ሠርተው ፊታቸውን ወደ መሐል አድርገው ይቆማሉ እንጂ አንዱ ከአንዱ ጀርባ በሰልፍ አይሄድም፤ በየመተላለፊያው ባልዲ ውኃ ያለው አዋቂ ይቆማል።

ጋብቻና ቀብር በአጭሩ። በሰበካው ክልል የሚኖር ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ባያውቅም፣ በዚያ የመጋባት መብት አለው። የጋብቻው አዋጅ ከሠርጉ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ በሦስት እሑዶች ይነበባል። የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ዜግነት፣ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ግን በአዋጅ መጋባት አይችልም። ሁለቱም አስቀድመው በመዝገብ ቤት ያስታውቃሉ፤ ጥበቃው 28 ቀን ነው፣ ወደ 70 ሊረዝም ይችላል። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሙሽራ አዳራሹን ከመያዙ በፊት ይህን ይወቅ። ከሜይ 2021 ወዲህ የተፈረመው የጋብቻ ሰነድ በ21 ቀን ውስጥ መዝገብ ቤት መድረስ አለበት፤ እዚያ ሳይመዘገብ ምስክር ወረቀት አይወጣም።

ቦታ ባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበርም የሰበካው ነዋሪ መብት ነው። ሐውልቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አፈሩ እስኪረጋ ብዙ ሀገረ ስብከቶች ቢያንስ 6 ወር ያስጠብቃሉ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ግራናይት፣ የሟች ፎቶ፣ በመቃብሩ ዙሪያ የድንጋይ ክፈፍ፣ እኛ የምንወዳቸው ሦስቱም፣ በደንቡ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀዱም። ቄሱ በራሱ ሊፈቅድ የሚችለው ደንቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ድንጋዩን ከማስቀረጽ በፊት የሀገረ ስብከቱን ደንብ መጠየቅ ይገባል፤ ተተክሎ በትእዛዝ መነቀሉ ሁለተኛ ሐዘን ነው።

ቄሱ ተዛውሮ ሲሄድ ተተኪው እስኪመጣ ብዙ ወራት ያልፋል። በዚያ ጊዜ አገልግሎቱን የሚያደራጁት ቸርችዋርደኖቹና የአካባቢው ካህናት አስተባባሪ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ቄሶችን በስልክ እየለመኑ፣ የመኪናቸውን ወጪ እየከፈሉ። የሚሰናከለው ትልቁ ነገር አይደለም። የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ የቁርባኑ ወይን ከየት ይታዘዛል፣ የማሞቂያው ሰዓት ቆጣሪ ስንት ሰዓት ቀድሞ ይበራል፣ የውኃው መዝጊያ በየትኛው ንጣፍ ሥር ነው። እነዚህን አራቱን በአንድ ገጽ ጽፎ በልብሰ ተክህኖው ቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ቀን ይጻፍበት።