መጀመሪያ ዝላይ፣ ከዚያ ዝምታ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። 58 ልጆች፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው። ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ መከራ ነበር፤ ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ይጎነታተላል፣ እኔ እጮሃለሁ።

ልጆችን በዝምታና በትንፋሽ ማረጋጋት ይቻላል ሲባል ሰምቼ አንድ ሰኞ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በረጅሙ ተንፍሱ» አልኳቸው። አንዱ የውሸት አንኮራፋ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በነጋታው ደግሞ አንዲት እናት በር ላይ ጠበቁኝ። «መምህርት፣ ልጄን ምን ዓይነት ጸሎት ነው የሚያስተምሯት?» ሳስረዳቸው ተግባባን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባለበት ክፍል መጠየቃቸው ተገቢ ነበር፤ ዓይን ማስጨፈኑን ያኔውኑ ተውኩት።

መላው የመጣው ሳላስበው ነው። ሴቶቹ በረንዳው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አስምረው ሲዘሉ ደወል ተደወለና እያለከለኩ ገቡ። አንዷ ደረቷን ይዛ «ቲቸር፣ ልቤ ሊወጣ ነው!» አለች። «እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ» አልኩ። ጸጥ አሉ። ለካ ያን ሰኞ የጎደለው የሚደመጥ ነገር ነው! የዘለለ ልጅ ልቡ ሲመታ በመዳፉ ይሰማዋል፤ እየበረደ ሲሄድም ያውቀዋል።

አሁን አራት ደቂቃ እንዘላለን፤ በገመድ ወይም ዝናብ ከሆነ ዴስኩ አጠገብ ቆመን። ከዚያ ለሁለት ደቂቃ እጅ ደረት ላይ፤ ሦስት እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ አምስት እየቆጠሩ በአፍ ማስወጣት። አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል፤ ይህን እኔ ሳልነግራቸው በመዳፋቸው ደረሱበት። አስም ያለበት ልጅ ገመድ አዟሪና ቆጣሪ ነው፤ ሥልጣኑን ለማንም አይሰጥም። ልክ ምሳ እንደበሉ ማዝለል ግን አይሆንም። አንዱ አስታውኮብኝ ነው የተማርኩት።

ያፈርኩበት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወንዶቹ «ምን አጠፋን?» አሉኝ። ለዓመታት ያረፈደውን ሁሉ ሜዳውን ሦስት ዙር ሳስሮጥ ኖሬያለሁና እንቅስቃሴን ቅጣት ያደረግሁት እኔው ነኝ። ማስሮጡን ተውኩ፤ እስኪያምኑኝ ግን አንድ ወር ፈጀ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ይመክራል። የእኔ አራት ደቂቃ ከዚህ አንጻር ምንም አይደለችም። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ መንጠቅም (እኔም እነጥቅ ነበር) ቀረ።

የጎን ክፍሉ መምህር ጫጫታው እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ተደራድረን የምንዘልበትን ሰዓት ቆርጠናል፦ 7፡30 ሲሆን በራቸውን ይዘጋሉ።