አድራሻ የሌለው ሰው በየትኛው በር ይግባ?

ድሬዳዋ ላይ የቤት ችግር በተነሳ ቁጥር ወሬው ቶሎ ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄዳል። ነገር ግን ኮንዶሚኒየሙም፣ የቤት ማኅበሩም፣ ለድሃው የሚደረገው የመንግሥት ድጋፍ፣ ሴፍቲኔቱም ገና ከደጃፉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የነዋሪነት መታወቂያ። መታወቂያው ደግሞ አድራሻ ይፈልጋል። ቤት የሌለው ሰው ቤት ለማግኘት አስቀድሞ የሆነ ቤት ውስጥ መገኘት አለበት። ቋጠሮው እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

የቀበሌ ቤት የመጣው በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራይ ተቀነሰ፣ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ ተሰጠ። ያ ርካሽ ኪራይ ስንት ቤተሰብ ከጎዳና አስቀርቷል! ግን ቆርቆሮ ለመቀየርና ግድግዳ ለመምረግ የሚበቃ ገንዘብ አይወጣውም፤ ተከራዩም በስሙ ላልሆነ ቤት ሲሚንቶ መግዛት ይፈራል። 20/80 ኮንዶሚኒየምም ቢሆን 20 በመቶውን ቆጥቦ ለሚያስገባ ነው። በቀን ሸክም የሚያድር ሰው ያንን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ለብዙው ሰው ዋናው ጉዳይ ኪራይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይና ተከራይ በጽሑፍ እንዲዋዋሉ፣ ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መቀበል አይችልም። ክፍያው በባንክ ወይም በስልክ እንዲሆን የተፈለገው ማስረጃ እንዲኖር ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ውሉ ላይ ነው። አከራዩ ግብሩን ፈርቶ እውነተኛውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ልዩነቱን በእጅ ይቀበላል። ተከራዩም ቤቱ እንዳያመልጠው ይስማማል። ከወራት በኋላ «አልከፈልክም» ቢባል የሚያሳየው ደረሰኝ የለውም። እንደ መጋላ ባሉ ሰፈሮች፣ ስድስትና ሰባት በር በሚከራይበት ግቢ፣ ጠቡ ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ሳይሆን ከመብራት ይነሳል፤ ቆጣሪው አንድ ነው፣ በዚያ ሙቀት የአንዱ ማራገቢያ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ስለዚህ መብራትና ውኃ በምን ስሌት እንደሚከፈል፣ ሽንት ቤቱን ማን እንደሚያስመጥጥ፣ ሲገባ የቆጣሪው ንባብ ስንት እንደነበር በውሉ ይጻፍ። አንዱን ቅጂ ተከራዩ ራሱ ይያዝ፤ ደላላው ጋ አይቀመጥ።

ውሉ የማይደርስለት ግን ደባሉ ነው። ከተከራይ ላይ የተከራየ፣ በአልጋ ሒሳብ የሚያድር ሰው ስሙ የትም አይጻፍም። ተባሮ በረንዳ ላይ ካርቶን ሲያነጥፍ በመዝገብ ደረጃ የተፈናቀለ ሰው የለም።

የከተማ ሴፍቲኔት ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት። ለጎዳና ተዳዳሪዎች የተለየ ክፍል መያዙ ትልቅ ነገር ነው፦ ማዕከል ማስገባት፣ ማማከር፣ ሙያ ማሠልጠን፣ ከቤተሰብ ማገናኘት። በአካባቢ ሥራ ለሚታቀፉ ቤተሰቦች ግን ቢያንስ ስድስት ወር ነዋሪ መሆን ተጠይቋል። ከማዕከል የወጣ ሠልጣኝ የሥራ መሣሪያ ቢሰጠው እንኳ የሁለት ወር ኪራይ በእጁ ከሌለ መሣሪያውን ሸጦ ይመለሳል። እኔ ብጠየቅ ከመሣሪያው በፊት ያንን የሁለት ወር ኪራይ በቀጥታ ለአከራዩ፣ በተመዘገበ ውል እከፍል ነበር።

የጎዳና ተዳዳሪዎቹ ምዝገባም በሌሊት ይሁን፤ ቀን ሁሉም ገበያ ነው። ከሐምሌ በፊትም ይጠናቀቅ። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ደረቅ ስለሆነ የሚተኛበት ሰው አይጠፋም፤ ጎርፉ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከደጋው ዘንቦ ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከዚያ አሸዋ ላይ የተነሳ ሰው ማዕከል ሲገባ የማዕከሉ አድራሻ በቀበሌው መዝገብ ላይ አድራሻው ሆኖ ይጻፍለት። ስድስት ወሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል።