ፈተናው አላስቸገረኝም፣ ክሬዲቱ እንጂ

በአሜሪካ ኮሌጆች ክፍል ሳይገቡ በፈተና ብቻ ክሬዲት፣ ማለትም ለመመረቅ የሚቆጠር የኮርስ ነጥብ፣ ማግኘት እንደሚቻል የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ ያወሩኝ ስለ ፈተናው ነበር። ካለፍኩ በኋላ ስለሚጠብቀኝ ነገር ያነሣልኝ አልነበረም። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የአሜሪካ የፈተና ድርጅት ለዚሁ ዓላማ ከሚያዘጋጃቸው፣ ክሌፕ (CLEP) ከሚባሉት ፈተናዎች መካከል «የምዕራቡ ሥልጣኔ አንድ» የተባለውን፣ ማለትም ከጥንታዊው ቅርብ ምሥራቅ እስከ 1648 እ.ኤ.አ. ያለውን ታሪክ የሚሸፍነውን ወስጄ አልፌያለሁ። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ መንገድ ላይ ያለ ሰው፣ በተለይም እየሠራ የሚማር ሰው፣ እኔ የደከምኩበትን ቦታ አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው። ክፍያው ከ100 ዶላር ትንሽ ያነሰ ሲሆን የፈተና ማዕከሉ በዚያ ላይ የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ይጨምራል። ሞደርን ስቴትስ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነጻ ኮርሱን ላጠናቀቀ ሰው የፈተናውን ክፍያ ስለሚሸፍን፣ ከኪሴ የወጣው ብዙ አልነበረም።

ፈተናው 120 ገደማ ምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን የሚሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ አንድም ጥያቄ ባዶ መተው አይገባም። አብዛኛው ሰው ጥናቱን ከሜሶጶጣሚያ ጀምሮ፣ በሐሙራቢና በፈርዖኖች ላይ ጉልበቱን ጨርሶ፣ መካከለኛው ዘመን ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። የጥያቄዎቹ ክፍፍል ግን ተቃራኒውን ይመክራል፤ ጥንታዊው ቅርብ ምሥራቅ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሲይዝ፣ መካከለኛው ዘመን ብቻውን ሩብ ገደማ ይወስዳል፤ ግሪክና ሮም ተደምረው ደግሞ አንድ ሦስተኛ ይጠጋሉ። ስለዚህ እኔ ከመካከለኛው ዘመን ጀመርኩ፤ ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ላደገ ኢትዮጵያዊ አንዳንዱ ክፍል እንግዳ አይደለም። ናቡከደነፆርንና ቂሮስን ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ በ325 እ.ኤ.አ. አርዮስን ያወገዘውን የኒቅያ ጉባኤ ከሠለስቱ ምዕት በዓል፣ በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ደግሞ ስንቃወመው ከኖርንበት ክርክር አውቃቸዋለሁ። በ843 በቬርደን ስምምነት የፍራንኮቹ ንጉሠ ነገሥት የሻርለማኝ የልጅ ልጆች ግዛቱን እንዴት እንደተካፈሉት፣ ወይም የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1077 ጣሊያን ውስጥ ካኖሳ ላይ ከሮማው ፓፓ ከግሪጎሪ ሰባተኛ ይቅርታ ለመጠየቅ በበረዶ ላይ ለምን እንደቆመ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አገር ቤት የተማርነው ዓመተ ምሕረት መሸምደድን ነው፤ ይህ ፈተና ግን በብዛት የሚጠይቀው የቱ ከየቱ እንደቀደመና ምክንያቱን ነው። የካኖሳው ጉዳይ ጳጳሳትን የሚሾመው ማን ነው የሚል ጠብ መሆኑንና በ1122 በቮርምስ ስምምነት መቋጨቱን የተረዳ ሰው፣ ቀኖቹን ቢረሳም ጥያቄውን ይመልሰዋል። በተሐድሶው ምዕራፍም እንዲሁ ነው። በ1555 የተደረገው የአውግስቡርግ ሰላም ለሉተራውያን እንጂ ለካልቪን ተከታዮች ዕውቅና አለመስጠቱን፣ ይህም የታረመው የሠላሳው ዓመት ጦርነት ባበቃበት በ1648ቱ የዌስትፋሊያ ሰላም መሆኑን ማወቅ፣ ፈተናው ለምን በዚያ ዓመት ላይ እንደሚቆም ጭምር ያስረዳል።

ውጤቱ ፈተናው እንዳለቀ በኮምፒውተሩ ላይ ታየ። ነጥቡ ከ20 እስከ 80 የሚሰጥ ሲሆን፣ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ለሦስት ክሬዲት እንዲያበቃ የሚመክረው 50ን ነው። እኔ ከዚያ በደንብ አልፌ ስለነበር ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

የተለመደው ምክር «ከመፈተንህ በፊት አድቫይዘርህን (የትምህርት አማካሪህን) አነጋግር» የሚል ነው፤ እኔም አነጋግሬ ነበር። በምማርበት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ያለችው አድቫይዘር ፈተናውን ካለፍኩ የታሪክ ግዴታዬን፣ ማለትም ለመመረቅ የግድ የሚያስፈልገኝን የታሪክ ኮርስ፣ እንደሚያሟላልኝ በፈገግታ አረጋግጣልኝ ነበር። ውጤቱ ደርሶ ትራንስክሪፕቴ (የውጤት መዝገቤ) ላይ ሲመዘገብ ግን ሦስቱ ክሬዲቶች የኮርስ ቁጥር ሳይኖራቸው «አጠቃላይ ምርጫ»፣ ማለትም ተማሪው እንደፈለገ የሚመርጠው እንጂ ግዴታ ያልሆነ ኮርስ፣ ተብለው ተቀመጡ። ምርጫ ኮርስ ከሚያስፈልገኝ በላይ ስለነበረኝ ክሬዲቱ አለ ማለትም የለም ማለትም አንድ ሆነ፤ የታሪኩ ግዴታም እንደተከፈተ ቀረ።

አድቫይዘሯ ጉዳዩ የሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ነው አለች። ሬጅስትራር አቻ ኮርሱን የሚወስነው የታሪክ ትምህርት ክፍል ነው አለ። የትምህርት ክፍሉ ደግሞ ውሳኔው ከዓመታት በፊት ተሰጥቶ ለሬጅስትራር መላኩን ገልጾ ወደዚያው መለሰኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ እንቅልፌን ሰውቼ በየመስኮቱ ስቆም ሁሉም በትሕትና ያናግሩኝ ነበር፤ ነገር ግን በጽሑፍ መልስ የሚሰጠኝ፣ ወይም አድቫይዘሯ ያለችውን ብላለች ብሎ የሚመሰክርልኝ አልተገኘም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እምቢ መባሌ አይደለም፤ እምቢታውን በስሙ ፈርሞ የሚሰጥ ሰው መጥፋቱ ነው።

መውጫውን ያገኘሁት ከኮሌጁ ካታሎግ፣ ማለትም ኮርሶቹና ደንቦቹ ከተዘረዘሩበት መጽሐፍ ነው። በተማሪ ላይ በአብዛኛው የሚሠራው ትምህርት በጀመረበት ዓመት የነበረው ካታሎግ ነው። የኔን ዓመት ካታሎግ ፈልጌ ሳወጣ፣ በክሌፕ ሠንጠረዡ ላይ ይህ ፈተና ከምዕራቡ ሥልጣኔ የመጀመሪያ ኮርስ ጋር በቁጥሩ ተተካክሎ አገኘሁት፤ ወደ «ምርጫ» የወረደው ከዚያ በኋላ በወጣው እትም ነበር። ገጹን አትሜ፣ የገባሁበትን ሴሚስተር የሚያሳይ ማስረጃ አያይዤ፣ አጭር የይግባኝ ደብዳቤ በኢሜይል ላክሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በቃል ሲከራከሩኝ የነበሩት ሰዎች በጽሑፍ ሲጠየቁ የሚከራከሩበት አጡ፤ ግዴታው ተሟልቶልኛል ተብሎ ተስተካከለ።

ስለዚህ ምክሬ ከተለመደው ይለያል፦ አድቫይዘርን አነጋግሩ፣ ነገር ግን ቃሉን አትመኑ። የፈተናው ስም፣ የሚፈለገው ነጥብ፣ የሚተካው ኮርስ ቁጥርና የሚያሟላው ግዴታ ተጽፎ ከሬጅስትራር እስኪመጣላችሁ ድረስ ለፈተና አትመዝገቡ። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የምትዛወሩ ከሆነ ይህንኑ ጥያቄ ለዚያኛውም ላኩ፤ ብዙዎቹ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ምዝገባ ሳይቀበሉ ዋናውን ውጤት ከኮሌጅ ቦርድ ይጠይቃሉ፣ በራሳቸውም መለኪያ ይመዝኑታል፤ ከ50 በላይ የሚፈልጉም አሉ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ወይም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ የምትወስዱ ደግሞ፣ በፈተና የተገኘ ክሬዲት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል ከሚያስፈልገው 12 ክሬዲት ውስጥ እንደማይቆጠር ዕወቁ፤ ይህን ሳያውቁ ኮርስ ቀንሰው የተጨነቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ከ1648 ወዲህ ያለውን ሁለተኛውን ክፍል ለመፈተን ሳስብ፣ መጽሐፍ ከመግለጤ በፊት ለተዛወርኩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጻፍኩ። እንደማይቀበሉት በአንድ መስመር መለሱልኝ። ክፍያውን ከፍዬ ክፍል ገብቼ ተማርኩት።