በጠቅላላ እና በተጣራ ደመወዝ መካከል ያለው ቁጥር

አንድ ሠራተኛ ስለ ደመወዙ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በቅጥር ውሉ ላይ የሰፈረውን ጠቅላላ ደመወዝ ወይም በወሩ መጨረሻ እጁ የሚገባውን የተጣራ ክፍያ ነው። እኔ ግን ከሁለቱ ይልቅ በመካከላቸው ያለው ቁጥር፣ ማለትም ግብር የሚከፈልበት ገቢ፣ ይበልጥ ሊታወቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ግብሩ የሚሰላው በዚህ ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ እርሱን ያላወቀ ሰው የተቀነሰበት ገንዘብ ልክ መሆን አለመሆኑን ሊመረምር አይችልም።

ለማስረዳት ያህል፣ እስከ 1,000 ያለው ወርሃዊ ገቢ ከግብር ነጻ የሆነበት፣ ከዚያ በላይ እስከ 5,000 ባለው 10 በመቶ፣ ከ5,000 በላይ ባለው ደግሞ 20 በመቶ የሚከፈልበት ሥርዓት እናስብ። ደመወዙ 6,000 የሆነ ሠራተኛ 5 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 300፣ ይቀነስበታል እንበል። ሕጉ መዋጮው ከግብር በፊት እንዲነሳ የሚፈቅድ ከሆነ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 5,700፣ ግብሩ 540 ሆኖ ሠራተኛው 5,160 ይወስዳል። መዋጮው ከግብር በኋላ የሚነሳ ከሆነ ግን ግብሩ በ6,000 ላይ ተሰልቶ 600 ስለሚሆን የሚተርፈው 5,100 ነው። ደመወዙ፣ መዋጮውና ምጣኔው ሳይለወጡ ቅደም ተከተሉ ብቻ በየወሩ የ60 ልዩነት ያመጣል። የብድር ክፍያና የማኅበር መዋጮ የመሳሰሉት ተቀናሾችም በየትኛው ወገን እንደሚቆጠሩ በየአገሩ ሕግ ይወሰናል።

ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ግን የእርከኑ፣ ማለትም የራሱ የግብር ምጣኔ ያለው የገቢ ክልል፣ ጉዳይ ነው። ደመወዝ ሲጨመር «ወደ ላይኛው እርከን ገብቼ እጄ የሚገባው ያንሳል» የሚለውን ስጋት ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ በዚህ ምክንያት የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚተው ሰው መኖሩም ያሳዝነኛል። ከላይ ባለው ምሳሌ፣ መዋጮውን ለጊዜው ትተን፣ ደመወዙ ከ4,900 ወደ 5,100 ያደገ ሠራተኛ ግብሩ ከ390 ወደ 420 ከፍ ይላል፤ የተጣራውም ከ4,510 ወደ 4,680 ያድጋል። 20 በመቶው ያረፈው ከ5,000 በላይ ባለው 100 ላይ ብቻ ነው። በሂሳብ ክፍሎች የሚሠራበት አቋራጭ ቀመር ይህንን ስለሚሸፍነው ግራ ያጋባል፦ 5,100 በ20 በመቶ ተባዝቶ 1,020 ይሆንና 600 ይቀነስለታል። ይህ 600 የተደረገ ቅናሽ ሳይሆን የታችኞቹ እርከኖች በአነስተኛ ምጣኔ መቆጠራቸውን የሚያስተካክል ቋሚ ቁጥር ነው። የተጣራው ገቢ በእውነት ሊቀንስ የሚችለው የገቢ ጣሪያ የተደረገለት ድጎማ ወይም ከግብር ነጻ መብት በጭማሪው ምክንያት ሲቋረጥ ነው፤ ይህም ከእርከኑ ተለይቶ መታየት አለበት።

ግብርን ደመወዝ ከመከፈሉ በፊት ከምንጩ መቀነስ በስፋት የተጠናከረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነበር፤ አሜሪካ በ1943፣ ብሪታንያ በ1944 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር አሁን የሚታወቀውን አሠራር ጀመሩ። ለመንግሥት ገቢው በየጊዜው እንዲደርስ፣ ለሠራተኛውም የተጠራቀመ ዕዳ እንዳይገጥመው ረድቷል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ እጅ ሳይገባ ስለሚሄድ ሠራተኛው ሂሳቡን የማየት ልማድ እንዳያዳብር አድርጎታል የሚል እምነት አለኝ።

ሌላው ትኩረት የሚሻው የቅጥር ድርድር ነው። የተነገረው ደመወዝ ጠቅላላ ነው ወይስ የተጣራ የሚለው ጥያቄ ከፊርማ በፊት ተጠይቆ መልሱ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ሠራተኛው በተጣራ ደመወዝ ከተስማማ ቀጣሪው ወደ ኋላ አስልቶ የጠቅላላውን ልክ ያገኛል፤ መዋጮ በሌለበት ምሳሌያችን የ4,680 የተጣራ ስምምነት የ5,100 ጠቅላላ ደመወዝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ውል ባለበት ግብር ቢጨምር ጫናው በቀጣሪው ላይ ይወድቃል፤ ግብር ቢቀንስም ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር ትርፉ ለቀጣሪው ይሆናል።