የታሰረ ካድሚየም

ሐሙስ ማታ

ካድሚየም የተባለው ብረት አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አቶም) ሆኖ ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የሜርኩሪ ጠብታው ላይ ኤሌክትሮን የሚቀበለው በካሎሜል ኤሌክትሮድ (ቮልቴጁ በሚነጻጸርበት መነሻ) ሲለካ −0.6 ቮልት ግድም ላይ ነው። ዛሬ ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲጨመርበት ከርቩ (ቮልቴጁ ሲቀየር የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው መስመር) ቅርጹን እንደያዘ ወደ ኔጌቲቩ ወገን ተጓዘ። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። የግላይሲን ናይትሮጅንና ኦክስጅን አዮኑን ከሁለት ወገን ስለሚይዙት እሱን አላቅቆ ወደ ብረትነት ለመመለስ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ማሰሪያው ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የሚነግረን ያው ጭማሪ ነው።

ሊንጌን የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጣው ቀመር ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ያልተያዘው ሊጋንድ (እንደ ግላይሲን ብረት የሚይዘው ሞለኪውል) አሥር እጥፍ ሲበዛ ከርቩ 30 ሚሊቮልት ያህል ከሸሸ ካድሚየሙን የያዘው አንድ ሊጋንድ ነው፤ 60 ከሸሸ ሁለት ናቸው። በዓይን የማይታይ ነገር በቮልቴጅ ተቆጠረ ማለት ነው! የቼኩ ኬሚስት ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ፕራግ ላይ በሚንጠባጠብ ሜርኩሪ የጀመረው ሥራ በ1959 ለኖቤል ሽልማት መብቃቱ አይገርመኝም።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ነው። 7 ላይ አብዛኛው ግላይሲን ናይትሮጅኑ በፕሮቶን ስለተያዘበት ካድሚየም ለመያዝ አይመችም፤ ስለዚህ ሚዛን ላይ የዋለው ሁሉ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ፒኤቹ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ካድሚየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። መካከሉ ጠባብ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አንድ የወንዝ ውሃ ውስጥ ያለው ጠቅላላ መዳብ ቢለካ እንኳ ዓሣዎቹን ምን ያህል እንደሚጎዳቸው ገና አልታወቀም። ጉንጫቸው ሥር ባለው መተንፈሻ ላይ በዋናነት ጉዳት የሚያደርሰው ያልተያዘው አዮን ነው፤ ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ ደግሞ ብዙውን መዳብ አስሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ የውሃ ምርመራ ውጤት ጠቅላላውን ብቻ ጽፎ ማለፉ ለእኔ ጎደሎ ነው።

ሕክምናውም ከዚሁ ሒሳብ ይነሣል። ለእርሳስ መመረዝ የሚሰጠው ኢዲቲኤ የተባለው ብረት አሳሪ መድኃኒት ካልሲየም ይዞ ነው ደም ሥር የሚገባው። እርሳስን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚያሳየው ቋሚ ቁጥር ከካልሲየሙ 10 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ ካልሲየሙን ለቆ እርሳሱን ይወስዳል። ካልሲየም ሳይዝ ቢሰጥ ግን የበሽተኛውን የደም ካልሲየም ራሱ ይጎትታል፤ ያ ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል።