ቴሌቪዥኑ ሐረር፣ አንተ ድሬ፦ ሪዞሉሽን በርቀት መቀየር

ከድሬዳዋ ሐረር 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቁጥር ለመቀየር ተብሎ የደንገጎ ዳገት አይወጣም። ሸዋ በር አካባቢ ያለ ምግብ ቤት የዋጋ ዝርዝሩን ከኮምፒውተር በአሮጌ ኤልሲዲ ቴሌቪዥን ያሳያል እንበል። ቴሌቪዥኑ ጠቆረና «ሞድ ኖት ሰፖርትድ» (ይህን ዓይነት ምስል አልቀበልም) ብሎ ቀረ። ድሬ፣ ከዚራ ቁጭ ብለህ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት፣ ወርድ በቁመት) ቀይረህ ታስተካክለዋለህ።

የዊንዶውስ የራሱ የርቀት መቆጣጠሪያ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ላንተ ብቻ የሚታይ ሌላ ስክሪን ስለሚከፍት ሪዞሉሽኑን ልቀይር ብትል አይነካም፤ ሐረር ያለው ቴሌቪዥንም ንቅንቅ አይልም። ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር የሚባሉት የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ስክሪን ራሱን ያመጡልሃል።

ያም ሆኖ አንተ የምታየው ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን ምስል ነው፤ ቴሌቪዥኑ መቀበል አለመቀበሉን አታይም። አንተ ጋ ጥርት ብሎ ሐረር ጨለማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደውል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት የቆመ ሰው እስክትጨርስ ስልኩን አይዝጋ። ቴሌቪዥኑም በርቶ፣ ገመዱ የተሰካበት ኤችዲኤምአይ ላይ ይሁን። ጠፍቶ ከሆነ አንዳንዱ ኮምፒውተር ምን እንደተሰካበት ማወቅ ስለሚያቅተው የምትመርጠው ዝርዝር ያጥርብሃል።

ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ»፣ ታች ወርደህ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ»፣ «ዲስፕሌይ አዳፕተር ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ሊስት ኦል ሞድስ»። መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ሪዞሉሽኑንና ሄርዙን (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) በአንድ ጊዜ ያስመርጣል። «ኤችዲ ሬዲ» ለተባለ ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ 1280 በ720፣ 60 ሄርዝ ምረጥ። በቪጂኤ (በድሮው ባለ 15 ፒን ገመድ) ከሆነ 1024 በ768 ወይም 1360 በ768 ሞክር። የቴሌቪዥኑ ፓኔል ወርዱ ብዙውን ጊዜ 1366 ነው፤ ግን 1366 ለ8 ስለማይካፈል ብዙ ግራፊክስ ካርድ 1360ን ነው የሚያቀርበው። «ኢንተርሌስድ» የሚል ያለበትን እለፈው፣ ቀጭን ጽሑፍ ይንቀጠቀጥበታል።

«አፕላይ» ስትል 15 ሰከንድ የሚቆጥር ሳጥን ይመጣል። እጅህን ሰብስብ። ከወዲያ «አቦ መጣ!» እስኪባል «ኪፕ ቼንጅስ»ን አትንካ። ካልመጣ ቆጠራው ሲያልቅ ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል። ኔትወርኩ ተንቀራፎ 15ቱ ሰከንድ ቢያልቅብህ ምንም አልተበላሸም፣ ድገመው።

መጣ፣ ግን «የፈጢራው ዋጋ ጫፉ ተቆርጧል» ካሉህ ሪዞሉሽኑን መልሰህ አትነካካ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለጥጦ ዳር ዳሩን እየበላው ነው። በቴሌቪዥኑ ሪሞት የምስል መጠን ውስጥ ይግቡ፤ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ይባላል። ይህ የሌለው ቴሌቪዥን ከሆነ ከግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ምስሉን በጥቂቱ አጥብበው፤ ጥራቱ ግን ትንሽ ይደበዝዛል።

ላፕቶፕ ከሆነ «ዱፕሊኬት» ላይ አትተወው፣ ሁለቱን ስክሪን በአንድ ሪዞሉሽን ያስራቸዋል። ዊንዶውስና ፒን ተጭነህ «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» አድርገው።

ከጀርባው የወፈረው የድሮ ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይፈልጋል፤ ሳጥኑም 5 ቮልት ከዩኤስቢ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለችውን መቀያየሪያ ወደ «ፓል» ይግፏት። የፈለግከውን ሪዞሉሽን ብትሰጠው የሚያሳየው 576 መስመር ብቻ ነው። 800 በ600 አድርገህ ፊደሉን አተልቀው፤ ዋጋው ከበር ካልተነበበ ቴሌቪዥኑ መሰቀሉ ምን ይሠራል?

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ ከተነሳ ሪዞሉሽኑ ሊቀያየር ይችላል። ለአስተናጋጁ አንድ ነገር ብቻ ንገረው፦ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ያብራ፣ ከዚያ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ይሰካ። እንቢ ካለው ይደውልልህ።